ሃይማኖትና ግብረ ገብ በቤተሰብ የካርቱን ፊልሞች ታሪክ

ኮሎዲ በሚለው የብዕር ስሙ የሚታወቀው ኢጣሊያዊ ደራሲ ካርሎ ሎሬንዚኒ የፒኖኪዮን ታሪክ በ1881 በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ማውጣት ሲጀምር፥ ከእንጨት የተጠረበውን ተናጋሪ አሻንጉሊት ገና ከመነሻው ከአንድ ፌንጣ ጋር ያገናኘዋል። ከመቶ ዓመት በላይ በዚያች ክፍል የኖረው ፌንጣ፥ ወላጁን ትቶ የሚኰበልል ልጅ መጨረሻው ጸጸት መሆኑን ይመክረዋል። አሻንጉሊቱ ግን ምክሩ ስላንገሸገሸው የእንጨት መዶሻ አንሥቶ ይወረውርበታል፤ ፌንጣውም ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይሞታል። ከሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በ1940፥ የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ይህንኑ ታሪክ በካርቱን ፊልም ሲያቀርበው ፌንጣው ከመዶሻው ከመትረፉም በላይ ባርኔጣ ደፍቶና ጃንጥላ ይዞ የአሻንጉሊቱ ኅሊና እንዲሆን በይፋ ተሾመ።

በመጽሐፉ የተገደለው መካሪ በፊልሙ ሹመት ማግኘቱ ለሣቅ ያህል ብቻ የተደረገ ለውጥ አይደለም። የቤተሰብ የካርቱን ፊልም ሃይማኖትንና ግብረ ገብን እንዴት እንደያዘ፥ ምኑን ወስዶ ምኑን እንደተወ ከዚህ አንድ ምሳሌ መገመት ይቻላል። የእነዚህ ፊልሞች አዘጋጆች ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የእግዚአብሔርን ስም ከመጥራት ቢቈጠቡም፥ ጸሎትን፥ መሥዋዕትነትን፥ ከሞት መነሣትንና ከሰማይ የሚወርድ ፍርድን አልተዉም። ስሙ ወጣ፤ ሥርዐቱ ግን ቈየ። ስለዚህ «የልጆች ጨዋታ ነው» በማለት ፊልሙን ለተማሪዎቹ የሚያሳይ መምህር፥ ይወቀውም አይወቀው፥ የሃይማኖት ቁም ነገር ይዞ ወደ ክፍል ይገባል። የሚከተለው ሐተታ ይህ ሁኔታ እንዴት እንደመጣ በታወቁ ጥቂት ፊልሞች አማካይነት ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት፥ በተለይ ካልተመለከተ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተረቱና ደንቡ

እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከሚገኙት ረዣዥም የካርቱን ፊልሞች ሁሉ ቀደምት የሆነው፥ ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ከ1923 እስከ 1926 ከጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቈረጠች የሠራችው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» ነው። ታሪኩ የተቀዳው ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ሲሆን፥ ግብረ ገቡም የተረቱ ግብረ ገብ ነው፤ ክፉው ጠንቋይ በመጨረሻ ይሸነፋል፥ ቅኑ ልዑል ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ አያነሣም።

ጥያቄው ጐልቶ የሚታየው ታኅሣሥ 21 ቀን 1937 በሎስ አንጀለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው በዲዝኒ «ስኖው ዋይትና ሰባቱ ድንኮች» ነው። ይህ ፊልም የተሠራበት ዘመን የአሜሪካ ፊልም በጥብቅ ደንብ የታሰረበት ዘመን ነበር። ዳንኤል ሎርድ የተባለ ኢየሱሳዊ ካህንና ማርቲን ኲግሊ የተባለ የካቶሊክ አሳታሚ ያረቀቁትን የሥነ ምግባር ደንብ የፊልም ኩባንያዎች በ1930 ተቀበሉት፤ ከ1934 ጀምሮም በጥብቅ ተሠራበት። ደንቡ ወንጀል አጓጒ ሆኖ እንዳይታይ፥ ሃይማኖት እንዳይዘለፍ፥ ካህናትም መሣቂያ ወይም ክፉ ሰዎች ሆነው እንዳይቀርቡ ያዛል። እንግዲህ ለፊልም ሠሪው ሁለት መንገድ ብቻ ቀረለት ማለት ይቻላል፤ ወይ ሃይማኖትን በአክብሮት ማሳየት፥ ወይ ጨርሶ አለመንካት። ዲዝኒ ከሁለቱ መካከል የሆነ ሦስተኛ መንገድ አገኘ።

ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 ባሳተሙት የጀርመን ተረት፥ ልጅቷ በድንኮቹ ቤት ከመተኛቷ በፊት ራሷን ለእግዚአብሔር ዐደራ ትሰጣለች። በፊልሙም ልጅቷ ከዐልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ እጆቿን አጣምራ ትጸልያለች። ደግ የሆኑላት ሰባቱ ድንኮች እንዲባረኩ፥ ሕልሟ እንዲፈጸምና ቍጡው ድንክ እንዲወዳት ትለምናለች፤ ጸሎቱም በአሜን ይታሠራል። ነገር ግን የምትለምነው ማንን እንደሆነ አልተነገረም። በእንግሊዝኛ «ባርክ» የሚለው ቃል ባለቤቱ ሳይጠቀስ ሊነገር ስለሚችል የስሙ አለመኖር በጆሮ አይያዝም። በአማርኛ ግን ይህ አይሆንም። «ይባርካቸው» ሲባል የሚባርከው አካል በግሡ ውስጥ ስላለ፥ ሰሚው ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። የካርቱን ፊልሞችን ወደ አማርኛ ለሚመልሱ ሰዎች ይህ ቀላል የሚመስል፥ ዳሩ ግን ብዙ የሚያሳስብ ነጥብ ነው፤ የፊልሙ አዘጋጅ በዝምታ ያለፈውን ተርጓሚው ሳያስበው ይናገረዋል።

ሁለተኛው ለውጥ በቅጣቱ ላይ የተደረገው ነው። በግሪም ተረት ክፉዋ ንግሥት በልጅቷ ሠርግ ላይ በእሳት የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ድረስ እንድትጨፍር ይፈረድባታል። ቅጣቱ ጭካኔ የበዛበት ቢሆንም የሰው ፍርድ ነው። በፊልሙ ግን ንግሥቲቱ በዝናብና በነጐድጓድ ወደ ገደል አፋፍ ትሸሻለች፤ ድንኮቹ ላይ ቋጥኝ ልታንከባልል ስትታገል መብረቅ የቆመችበትን ዐለት ይመታዋል፤ እርሷም ወደ ገደሉ ትወድቃለች። ልጅቷም፥ ድንኮቹም፥ ልዑሉም እጃቸው በደም አልተነካም። ፍርዱ ከሰማይ ወረደ፤ ፈራጁ ግን አልታየም።

ይህ መፍትሔ እጅግ ስለተመቸ ልማድ ሆነ። በ1991 «ውቢቱና አውሬው» በተባለው ፊልም ትዕቢተኛው አዳኝ ከግንብ ይወድቃል፤ በ1996 በኖትር ዳሙ ታሪክ ጨካኙ ዳኛ ከካቴድራሉ ሰገነት ይወድቃል። በ1994 «አንበሳው ንጉሥ» ደግሞ ወንድሙን የገደለው አንበሳ በገዛ ተባባሪዎቹ በጅቦች ይበላል። የግብረ ገብ አስተማሪ ይህን ልማድ በጥርጣሬ ሊመለከተው ይገባል። ክፉ ሰው ሁልጊዜ በራሱ ጊዜ ገደል የሚገባ ከሆነ፥ ልጁ ስለ ፍርድ ቤት፥ ስለ ይቅርታ፥ ስለ ንስሐ ምን ይማራል? በእነዚህ ፊልሞች ክፉው ንስሐ የሚገባበት ጊዜ አይሰጠውም። ደጉም የመፍረድን ሸክም አይሸከምም። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ፥ ኃጥኡ በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ እንደሚሣል ሁሉ፥ በካርቱኑም ክፉው ገና ሲታይ በመልኩ ይለያል። ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ፈራጁን ራሱን ከነዙፋኑ ማሳየቱ ነው።

የእንጨቱ ልጅ

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ግን ፒኖኪዮ ነው። ኮሎዲ ታሪኩን የጻፈው ኢጣሊያ አንድ መንግሥት ከሆነች ገና ሃያ ዓመት በሆናት ጊዜ ነበር። በ1877 የወጣው የኮፒኖ ሕግ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች በነጻ እንዲማሩ፥ ወላጆችም እንዲያስተምሩ ግዴታ ጣለ። ኮሎዲም በዚያው ዓመት «ጃኔቲኖ» የተባለ የልጆች ማንበቢያ አሳትሞ ነበር። ስለዚህ የፒኖኪዮ ታሪክ ደራሲ የልብ ወለድ ሰው ብቻ ሳይሆን፥ በአዲስ የትምህርት ሥርዐት ውስጥ የሚሠራ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅም ነበረ።

ይህም በታሪኩ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ድኻው አናጢ ጄፔቶ በብርድ ወራት ያለችውን አንዲት ኮት ሸጦ ለልጁ የፊደል መጽሐፍ ይገዛለታል። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የፊሽካና የከበሮ ድምፅ ይሰማና፥ የአሻንጉሊት ቲያትር መግቢያ ለመክፈል ያንኑ የፊደል መጽሐፍ በአራት ሳንቲም ይሸጠዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ኀጢአት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ በኋላ የሚደርሱበት መከራዎች ሁሉ፥ ስንፍና የሚወዱ ልጆች አህያ ሆነው ሸክም እስከሚጫኑበት ድረስ፥ ከዚያች ከተሸጠች ፊደል የሚመዘዙ ናቸው። ኮሎዲ በመጀመሪያ ታሪኩን የጨረሰው አሻንጉሊቱ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር ነበር፤ ያስቀጠለው የአንባቢዎች ጥያቄ ነው።

ሲያስቀጥለውም መዳኛውን ሥራ አደረገው። ፒኖኪዮ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለታመመው አባቱ አንድ ብርጭቆ ወተት ለማግኘት የውኃ መሳቢያ እየዘወረ ይሠራል፤ ቅርጫት መሥራት ይማራል፤ ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ ይለማመዳል፤ ለአዲስ ልብስ ያጠራቀመውን አርባ ሳንቲም ታማለች ለተባለችው ደጋፊው ይልክላታል። በማግሥቱ ሲነቃ እውነተኛ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ኮሎዲ በልጅነቱ በካህናት ማሠልጠኛ የተማረ ሰው ቢሆንም፥ በዚህ ፍጻሜ ውስጥ ስብከት አይሰማም። የሚሰማው የውኃ መሳቢያው ድምፅ ነው።

የ1940ው ፊልም ይህን ሁሉ ለወጠ። ጄፔቶ በፊልሙ ድኻ አይደለም፤ ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ሰዓትና መጫወቻ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ልጅ ሲመኝ በመስኮት በኩል ለምትታየው ኮከብ ተንበርክኮ ይለምናል። ስኖው ዋይት በአሜን የጨረሰችው ጸሎት ከሦስት ዓመት በኋላ ለኮከብ የሚቀርብ ምኞት ሆነ ማለት ነው። ምኞቱን የምትፈጽመው ሰማያዊ የለበሰች፥ ብርሃን የከበባት፥ ከላይ የምትወርድ እመቤት ናት፤ በአውሮፓ ተረት እንዲህ ያሉት ፍጡራን ሰውን የሚረዱ ረቂቃን ሲሆኑ፥ በፊልሙ ግን ሥራዋ ከመልአክ ሥራ አይለይም። ለአሻንጉሊቱ ሕይወት ከሰጠችው በኋላ ጀግና፥ እውነተኛና ራሱን የማይወድ ሆኖ ከተገኘ ሰው እንደሚሆን ትነግረዋለች። ፌንጣውንም ኅሊናው አድርጋ ትሾመዋለች። የፌንጣው ስም ጂሚኒ ክሪኬት መባሉም የራሱ ታሪክ አለው፤ ቃሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የኢየሱስ ክርስቶስን ስም በከንቱ ላለመጥራት በመገረም ጊዜ የሚሉት መሸሸጊያ አነጋገር ነበር። ስሙ የተሸሸገው አምላክ በፌንጣ ስም ውስጥ ተቀመጠ ቢባል ከቀልድ ያለፈ ትርጕም አለው።

ፍጻሜው ደግሞ ከሥራ ወደ መሥዋዕትነት ተሸጋገረ። በመጽሐፉ አባትየውን የዋጠው ትልቅ የባሕር ዓሣ ሲሆን፥ በፊልሙ ዓሣ አንበሪ ሆኗል። የኢትዮጵያ ተማሪ፥ ክርስቲያኑ ከጾመ ነነዌ፥ ሙስሊሙም ከነቢዩ ዩኑስ ታሪክ የተነሣ፥ በዓሣ ሆድ ውስጥ የተገኘ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም። ፒኖኪዮ አባቱን ከማዕበሉ አውጥቶ ራሱ በውኃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ይገኛል። አልጋ ላይ ተጋድሞ ሲለቀስለት የእመቤቲቱ ድምፅ ይሰማል፤ እርሱም በሥጋ ልጅ ሆኖ ይነሣል። እንግዲህ በትምህርትና በሥራ ይድን የነበረው ልጅ፥ በፊልሙ ስለ ሌላው ሞቶ በመነሣት ይድናል። አንድም ጊዜ የእግዚአብሔር ስም ለትምህርት ባልተጠራበት ፊልም ውስጥ የታሪኩ ቅርጽ ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ክርስትና ትምህርት ቀረበ።

ከዚህ ለውጥ የጠፋም አለ። ፊደሉን የመሸጥ ኀጢአት ከፊልሙ ወጥቷል። ልጁ ከትምህርት ቤት መንገድ የሚቀረው ቀበሮና ድመት አታልለውት እንጂ በራሱ ምርጫ መጽሐፉን ሸጦ አይደለም። ለመምህር ይህ ትንሽ ኪሳራ አይደለም።

ልማዱ ከደንቡ ሲቈይ

በዚያው በ1940 መጨረሻ የወጣው «ፋንታዚያ» ሃይማኖትን በሙዚቃ በኩል በግልጽ ያስገባ ነበር። በሙሶርግስኪ ሙዚቃ በተራራ አናት ላይ ሙታንን የሚያስጨፍር ጋኔን ይታያል፤ ሲነጋጋ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ ይሸማቀቃል፤ በሹበርት የማርያም ምስጋናም መብራት የያዙ ምእመናን በጫካ ውስጥ ይጓዛሉ። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ የአምልኮ ትርኢት በስቱዲዮው ረዣዥም ፊልሞች ዘንድ የተለመደ አልሆነም።

በ1930 የወጣው ደንብ በ1968 ተሽሮ ፊልሞችን በዕድሜ በሚመድብ ሥርዐት ተተካ። አዘጋጆቹ ነጻ ወጡ፤ ነገር ግን ልማዱ ከሕጉ በላይ ዕድሜ ነበረው። ቪክቶር ሁጎ በ1831 በጻፈው የኖትር ዳም ልብ ወለድ ውስጥ ክፉው ሰው ፍሮሎ የካቴድራሉ ሊቀ ዲያቆናት ነው። በ1939 በሰው ተዋንያን የተሠራው ፊልም፥ ደንቡ ካህን ክፉ ሆኖ እንዳይታይ ስለሚከለክል፥ ፍሮሎን ዳኛ አደረገው። ዲዝኒ በ1996 ካርቱኑን ሲሠራ ደንቡ ከተሻረ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሆኖም ፍሮሎ ዳኛ እንደሆነ ቀረ፤ ለሊቀ ዲያቆናቱም ማዕርግ ሌላ ደግ ሰው ተፈጠረለት።

ሆኖም ይህ ፊልም ልብሱን ይለውጥ እንጂ ነገሩን አልሸሸገም። ጂፕሲ ይባሉ ከነበሩት የተጠሉ ሕዝቦች የተወለደችው ኤስሜራልዳ በካቴድራሉ ውስጥ ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ ተገፉት ወገኖቿ ትጸልያለች፤ በዙሪያዋ ያሉት የከተማው ሰዎች ግን ሀብትና ክብር ይለምናሉ። ፍሮሎ በበኩሉ በእሳት ፊት ቆሞ ራሱን ጻድቅ እያደረገ ሲናገር ከበስተጀርባው በላቲን የሚዜመው የኀጢአት ኑዛዜ ነው። ኑዛዜው በደሉን ሲያምን፥ እርሱ በደሉን በሴቲቱ ላይ ይጥላል። የጸሎት ቃል ለሐሰት መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ለልጆች በተሠራ ፊልም እንዲህ በግልጽ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ኦሪት ዘጸአት በካርቱን

ድሪምዎርክስ የተባለው ስቱዲዮ በ1998 «የግብፅ ልዑል» በሚል ስም የሙሴን ታሪክ ሲያቀርብ ሁኔታው ተለወጠ። ከስሙ የሸሸ ሳይሆን፥ ከቅዱስ መጽሐፍ በቀጥታ የተቀዳ ታሪክ በትልቅ ወጪ፥ 70 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈስሶበት ተሠራ። ከሦስቱ አዘጋጆች አንዷ ብሬንዳ ቻፕማን በትልቅ ስቱዲዮ የካርቱን ፊልም ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የስቱዲዮው ሰዎች የአይሁድን፥ የክርስትናንና የእስልምናን ሊቃውንት በብዛት አማከሩ። በፊልሙ መክፈቻም፥ በታሪኩ ላይ የኪነ ጥበብና የታሪክ ነጻነት መወሰዱን፥ መንፈሱ ግን መጠበቁን፥ ዋናው ታሪክ በኦሪት ዘጸአት እንደሚገኝ የሚገልጽ ጽሑፍ አስቀመጡ። ተመልካቹን ወደ መጽሐፉ የሚመልስ የካርቱን ፊልም ብርቅ ነው።

የተወሰደው ነጻነት ግን ቀላል አይደለም። በዘጸአት ሕፃኑን ከወንዝ የምታወጣው የፈርዖን ልጅ ስትሆን፥ በፊልሙ የፈርዖን ሚስት ናት። በቁርኣንም ሕፃኑ እንዳይገደልና ልጅ አድርገው እንዲይዙት የምትናገረው የፈርዖን ሚስት መሆኗን ሙስሊም ተማሪዎች ያውቃሉ። በዘጸአት እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ እንዳጸና በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ ይህም ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ያከራከረ ነገር ነው። ፊልሙ ይህን ክርክር በሌላ ተካው። ሙሴና ራምሴስ አብረው ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ራምሴስ እልከኛ የሚሆነው አባቱ በልጅነቱ የሥርወ መንግሥቱ ደካማ ሰንሰለት እንዳይሆን ስላስፈራራው ነው። የነገረ መለኮት ጥያቄ የአስተዳደግ ጥያቄ ሆነ። የበኵሮች ሞት ከተፈጸመ በኋላ ሙሴ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ በግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል፤ ይህ በመጽሐፉ የለም። ታሪኩም ጽላቱን ይዞ ከተራራው ሲወርድ ይጨረሳል፤ ከተራራው በታች የሚጠብቀው የወርቅ ጥጃ አይታይም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በቍጥቋጦው እሳት ውስጥ የሚናገረው ድምፅ ነው። የእግዚአብሔርን ቃል የተናገረው ሙሴን ሆኖ የተናገረው ያው ተዋናይ፥ ቫል ኪልመር፥ ነው። ሙሴ ከእሳቱ የሚሰማው ድምፅ የገዛ ድምፁ ነው ማለት ነው። የካርቱን ፊልም የአምላክን ስም ከብዙ ዓመት በኋላ በግልጽ ሲጠራ እንኳ ድምፁን ከሰሚው ኅሊና አልለየውም፤ የጂሚኒ ክሪኬት ሹመት እስከ ደብረ ኮሬብ ደርሷል። ይህን ምእመናን በተለያየ መንገድ ሊፈርዱት ይችላሉ። እግዚአብሔር ለሰው በሚገባው ድምፅ ይናገራል የሚል አለ፤ አምላክ ወደ ሰው ስሜት ዝቅ ተደረገ የሚልም ይኖራል። ሊቃውንትን ማማከር ሁሉንም አላስማማም። ነቢያትን በሥዕል ማሳየት ስለማይፈቀድ ፊልሙ በማሌዥያና በማልዲቭስ ታግዷል።

ካራባ ለምን ክፉ ሆነች?

በዚያው በ1998 ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ «ኪሪኩና ጠንቋይዋ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ኦስሎ ልጅነቱን በጊኒ ያሳለፈ ሲሆን፥ ታሪኩ ከምዕራብ አፍሪካ ተረት የተወሰደ፥ ሙዚቃው የሴኔጋላዊው ዩሱ ንዱር ነው። ሕፃኑ ኪሪኩ ገና ከመወለዱ ይናገራል። መንደሩ ካራባ የምትባል ጠንቋይ ወንዶቹን በላች፥ ምንጩን አደረቀች እያለ ይኖራል። ልጁ ግን ካራባ ለምን ክፉ እንደሆነች ይጠይቃል፤ ማንም መልስ የለውም።

ሄዶ ሲያጣራ ምንጩን ያደረቀው በዋሻው ውስጥ ገብቶ ውኃውን የሚጠጣ እንስሳ ሆኖ ይገኛል። ወንዶቹም አልተበሉም፤ የካራባ አገልጋይ ጣዖታት ሆነዋል። በተራራው የሚኖረው ዐዋቂ አያቱ ደግሞ ሰዎች በጀርባዋ መርዛም እሾህ እንደሰኩባት፥ ሥቃይዋም ኀይሏም ከእርሱ እንደመጣ ይነግረዋል። ልጁ መከላከያ ክታብ እንዲሰጠው ሲለምን አያቱ ይከለክለዋል፤ ብርታቱ ክታብ አለመያዙ ነውና። ኪሪኩም እሾኹን በጥርሱ ነቅሎ ያወጣዋል። ይህች ክፉ ወደ ገደል አልተወረወረችም፤ ታከመች። ጐረቤትን በቡዳነት ማማት ባልጠፋበት አገር ለሚያስተምር መምህር፥ ከማንኛውም የአሜሪካ ካርቱን ይልቅ ይህ ፊልም ቅርብ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በአገሩ ልማድ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን መሆናቸው በአንዳንድ ምዕራባውያን አገሮች ፊልሙን ለልጆች ለማሳየት ማስቸገሩ፥ የግብረ ገብ ደንብ አንዳንዴ ምን ላይ እንደሚያተኵር ያሳያል።

ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ በ2001 ያወጣው፥ በ2002 በበርሊን፥ በ2003 ደግሞ በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት ያገኘው «ስፒሪትድ አዌይ» ከሺንቶ እምነት የመነጨ ነው። ለአማልክት የተዘጋጀውን ምግብ ያለፈቃድ የበሉ ወላጆች ዐሣማ ይሆናሉ። የሚሸተት ጭቃማ እንግዳ በመታጠቢያ ቤት ሲታጠብ ከሆዱ ብስክሌትና ቈሻሻ ይወጣና፥ የተበከለ ወንዝ መንፈስ መሆኑ ይታወቃል። እዚህ ኀጢአት ማለት ማርከስ ነው፤ ንስሐውም ማጽዳት።

በክፍል ውስጥ

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንኡስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፥ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ መምህር «የግብፅ ልዑልን» ለማሳየት ይፈራ ይሆናል፤ ፒኖኪዮን ግን ያለ ሥጋት ያሳያል። ከላይ እንደታየው ፍርሃቱም መተማመኑም ቦታ ስተዋል። ስለ ሞትና ትንሣኤ የሚያስተምረው ምንጩን ሳይናገር ነው፤ ምንጩን የሚናገረው ደግሞ ተማሪው እንዲያመሳክር በር ይከፍታል። የሕጉ ቃል ስብከትን ከክፍል ያወጣል፤ ጥያቄን ያወጣል ተብሎ ሊተረጐም አይገባም። የትምህርት በቴሌቪዥን ዝግጅቶችን የሚያቅዱ ባለ ሙያዎችም ፊልም ሲመርጡ የአምላክ ስም ተጠርቷል ወይስ አልተጠራም ብሎ መጠየቅ አይበቃቸውም። በታሪኩ የሚፈርደው ማን ነው፥ ክፉውስ ክፉ የሆነው ከምን የተነሣ ነው የሚሉት ጥያቄዎች የበለጠ ያሳያሉ።

ለዚህ ከ«የግብፅ ልዑል» አንድ ትርኢት ብቻ መውሰድ ይቻላል። ሙሴ ዕብራዊውን የሚገርፈውን ግብፃዊ የሚገድልበት ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 ሙሴ ወዲያና ወዲህ ተመልክቶ ማንም አለመኖሩን ካየ በኋላ ግብፃዊውን ይገድለዋል፥ በአሸዋም ይሸሽገዋል። በቁርኣን በሃያ ስምንተኛው ሱራ ሙሳ ሰውዬውን በቡጢ ይመታውና ይሞታል፤ ወዲያው ይህ የሰይጣን ሥራ መሆኑን ተናግሮ ከጌታው ምሕረት ይለምናል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ ስለ አሸዋው፥ ሌላው ስለ ምሕረቱ ልመና ከቤቱ ሰምቶ ይመጣል። ሁለቱ ልጆች ያላቸውን እውቀት ቢነጋገሩ፥ ያሰበበትን ግድያና ያላሰበበትን፥ መሸሸግንና መናዘዝን ያለ መምህር ስብከት ሊለዩ ይችላሉ። በፊልሙ ግን ሙሴ ወደ ሥራው መወጣጫ ሮጦ ይገፈትረዋል፤ አሸዋም ልመናም የለም። ግብፃዊው፥ ከ1937ቷ ንግሥት ጀምሮ እንደተለመደው፥ ከከፍታ ይወድቃል።